ከሳምንት ወሬ እስከ ዘመን መዝገብ፦ በቤዝቦል የውድድር አጋማሽ ስለ መቍጠርና ስለ መፍረድ

(በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ከጥቂት ዓመታት በፊት በጁላይ ወር አንድ ምሽት ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ታክሲ ተሳፈርሁ። ነጂው የአገራችን ልጅ ነበር። ሬዲዮኑን ቤዝቦል ላይ ከፍቶ በጥሞና ያዳምጣል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች ዘንድሮ አለቀላቸው፤ በዚህ ሳምንት ከስድስት ጨዋታ አምስቱን ተሸነፉ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ባልንጀራው ደወለለት። እርሱም ታክሲ ነጂ፣ እርሱም ደጋፊ ነው። «ምነው ወንድሜ! ገና ከስልሳ ጨዋታ በላይ ይቀራል እኮ። በአንድ ሳምንት ሰው ይፈረድበታል?» ሲል ተሰማኝ። እቤቴ እስክደርስ ድረስ ክርክራቸው አልተቋጨም። እኔም ሒሳቤን ከፍዬ ስወርድ ጥያቄያቸውን ይዤ ወረድሁ። የአንድ ሳምንት ማስረጃ ስንት ይመዝናል? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለጊያ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ገናን የሚያውቅ ሰው ዱላና ኳስ አይከብዱትም። በቤዝቦል ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በእንጨት ዱላ ይመታታል። ተከላካዮቹ ሳይቀልቧት ወይም ከእርሱ ቀድመው ወደ ቤዙ ሳያደርሷት መጀመሪያው ቤዝ ላይ ከደረሰ አንድ ምት ተቈጠረለት ይባላል። ከአሥር ሙከራ ሦስቱ የሚሳካለት መቺ ጎበዝ ነው፤ ሰባቱ ይከሽፉበታል ማለት ነው። ቡድኖቹ ከጸደይ እስከ መስከረም ማለቂያ በየቀኑ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይጫወታሉ። ዛሬ የአንድ ቡድን የዓመት ጨዋታ 162 ነው፤ ቀድሞ 154 ነበር። በእ.ኤ.አ. 1941 ዋንጫ የወሰደው የኒውዮርክ ያንኪስ ቡድን 101 ጨዋታ ሲያሸንፍ 53 ተሸንፏል። እንግዲህ የዓመቱ ሻምፒዮን እንኳ ሽንፈትን ከሃምሳ ጊዜ በላይ የቀመሰበት ጨዋታ ነው። በእንዲህ ያለ ረዥም ጉዞ አጋማሽ ላይ ሆኖ ስለ አንድ ሳምንት መፍረድ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚሁ ይታያል።

ጉዳዩን በቍጥር እንመልከተው። አንድ መደበኛ መቺ በሳምንት 25 ጊዜ ያህል ለመምታት ይሞክራል እንበል። እውነተኛ ችሎታው ከመቶ 28 ቢሆን በአማካይ 7 ምት ይጠበቅበታል። ሆኖም ዕድል የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቀላል የፕሮባቢሊቲ ስሌት እንደሚያሳየን ይህ ሰው ሳይሻሻልም ሳይበላሽም ከአራት ሳምንት በአንዱ ገደማ ምቱ ወይ ከ5 ያንሳል ወይ ከ9 ይበልጣል። ደጋፊው ግን በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ ሰው ጠፋ» ይላል፤ በሁለተኛው «ይህ ሰው ተገኘ» ይላል። ሰውየው ግን ያው ሰው ነው። የባልንጀራው ክርክር በዚህ ረገድ ትክክል ነበር።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ያህል ሰው ሰብስቤ አላደክማችሁም ነበር። አንዳንድ ሳምንት ከሌላው ይለያል። ስለሆነም ቤዝቦልን የሚወዱ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያወሱትን የእ.ኤ.አ. 1941 ጁላይ አጋማሽ ላንሣ።

የዚያ ዓመት ጀግና ጆ ዲማጂዮ ይባላል። ከጣሊያን ተሰዶ ካሊፎርኒያ የሰፈረ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሲሆን ለያንኪስ ይጫወት ነበር። ሜይ 15 ቀን አንድ ምት መታ። በማግስቱም መታ። እንዲህ እያለ በየጨዋታው ቢያንስ አንድ ምት ሳያጣ ሰነበተ። በጁን 29 ዋሽንግተን በሚገኘው ግሪፊዝ ስታዲየም በአንድ ቀን በተካሄዱ ሁለት ጨዋታዎች በመጀመሪያው ጆርጅ ሲስለር በ1922 የደረሰበትን 41 ጨዋታ አቻ ሆነ፤ በሁለተኛው አለፈው። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል የሚወዳት ዱላው ተሰርቃበት ስለነበር ሁለተኛውን ጨዋታ የመታው በሌላ ዱላ ነው። በጁላይ 2 ደግሞ ዊሊ ኪለር በ1897 ያቆመውን የ44 ጨዋታ ክብረ ወሰን ተሻገረ።

በጁላይ 8 የሁለቱ ሊጎች ምርጥ ተጫዋቾች ዲትሮይት ላይ ተገናኙ። አሜሪካን ሊግ ወደ መጨረሻው ዙር የገባው 5 ለ 3 እየተመራ ነበር። ሦስቱም ቤዞች በሯጮች ተሞልተው ሳለ ዲማጂዮ የመታት ኳስ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አስወጥታ ጨዋታውን የምታበቃ መሰለች። ተከላካዩ የወረወራት ኳስ ግን ከመስመር ወጣ በማለቷ ዲማጂዮ በሰላም ደረሰ፤ አንድ ነጥብም ገባ። ቀጥሎ የቆመው የቦስተን ሬድ ሶክሱ ቴድ ዊልያምስ ነበር። ኳሷን ከሜዳው አሻግሮ ላካት፤ ጨዋታውም 7 ለ 5 ተፈጸመ። የአንዲት ውርወራ መዛነፍ ባይኖር ዊልያምስ ዱላውን ሳያነሣ ጨዋታው ባለቀ ነበር። ደጋፊው በማግስቱ ያወራው ስለ ዊልያምስ ክንድ እንጂ ስለዚያች ውርወራ አይደለም፤ የሰው ትዝታ ምክንያትን ትቶ ፍጻሜን ይይዛልና።

ከጁላይ 10 እስከ 16 ባለው ሳምንት ዲማጂዮ 8 ጨዋታ ተጫውቶ በስምንቱም መታ። ቍጥሩ 56 ደረሰ። በጁላይ 17 ምሽት ክሊቭላንድ ከተማ 67,468 ተመልካች ስታዲየሙን ሞላው። የሦስተኛው ቤዝ ተከላካይ ኬን ኬልትነር በመስመሩ ጥግ በኩል የተመቱ ሁለት ኃይለኛ ኳሶችን እየተወረወረ ያዘ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዲማጂዮን ቀድሞ አስወጣው። በስምንተኛው ዙር የመታት ሦስተኛዋ ኳስ ለተከላካዩ ሉ ቡድሮ ደረሰች፤ ሁለት ሰው አስወጣች። ያንኪስ 4 ለ 3 ቢያሸንፍም የዲማጂዮ ጉዞ በዚያ ምሽት ተቋረጠ። እርሱም በማግስቱ እንደገና መምታት ጀመረና ሌላ 16 ጨዋታ ቀጠለ።

አሁን ወደ ስሌታችን እንመለስ። ዲማጂዮ በዓመቱ የመታው ከሺህ 357 ነው። በየጨዋታው አራት ጊዜ ይሞክራል ብንል ቢያንስ አንዴ የመምታት ዕድሉ ከመቶ 83 ያህል ይሆናል። በዚህ ዕድል ስምንት ጨዋታ በተከታታይ መምታት ከአምስት ጊዜ አንዴ ከሚሆነው ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ያ ሳምንት ብቻውን ሲታይ ተአምር አልነበረም። ሃምሳ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ መምታት ግን ከ36 ሺህ ሙከራ አንዴ ገደማ የሚሆን ነገር ነው። ተመሳሳይ ሳምንታት ተደራርበው ብርቅ ነገር ሠሩ። ጁላይ 10 ቀን ጋዜጣ የገለጠ ደጋፊ አንድ ተራ ሳምንት እየጀመረ መሆኑን ወይም የማይደገም ታሪክ እየተፈጸመ መሆኑን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ። በእነዚያ 56 ጨዋታዎች የዲማጂዮ አማካይ ከሺህ 408 ነበር። በዚያው ጊዜ ውስጥ ዊልያምስ በትንሹ ይበልጠው ነበር። ዓመቱንም ከሺህ 406 መትቶ ፈጸመ። በዓመቱ መጨረሻ የምርጥ ተጫዋችነት ሽልማት በጋዜጠኞች ድምፅ ለዲማጂዮ ተሰጠ። አንዱ ሳያቋርጥ በየቀኑ የሚገኝ ነው፤ ሌላው በድምሩ የሚበልጥ ነው። ከሁለቱ ማን ይሻላል ቢባል ቍጥር ብቻውን አይፈርድም። ቍጥሩ የሚመልሰው ሰው የጠየቀውን ነው፤ ምን እንደሚጠየቅ የሚወስነው ግን ሰው ነው።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ የንግግሬ ክብደት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። እስካሁን «ስንት ተቈጠረ?» አልን። «ማን ተቈጠረ?» የሚለውን ገና አላነሣንም።

በዚያው በጁላይ 1941፣ ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ቺካጎ በሚገኘው ኮሚስኪ ፓርክ ሌላ የምርጦች ጨዋታ ተደርጎ ነበር። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ተመለከተው። ከወረወሩት አንዱ ሳቸል ፔጅ ነበር። ይህ የጥቁሮች ሊጎች ጨዋታ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ተጫዋች ዲማጂዮና ዊልያምስ በሚጫወቱበት ሊግ አይሰለፍም ነበር። የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ የባለ ቡድኖቹ ያልተጻፈ ስምምነት ግን ከተጻፈ ሕግ ይልቅ ጠንክሮ ሠርቷል። የዘመኑ ታላቅ መቺ ጆሽ ጊብሰን ያን ዓመት የሚጫወተው ሜክሲኮ ነበር። ኋላ ወደ ቡድኑ ወደ ሆምስቴድ ግሬይስ ተመለሰ። ግሬይስ ብዙውን የሜዳውን ጨዋታ ያደርግ የነበረው ዲማጂዮ የሲስለርን ቍጥር በተሻገረበት በዚያው በግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ሜዳው አንድ ነው፤ መዝገቡ ግን ሁለት ነበር። ጊብሰን በጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ዐረፈ። ጃኪ ሮቢንሰን የዘር አጥሩን የሰበረው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ቀን ነው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

በዲሴምበር 2020 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች የሙሉ ደረጃ ሊግ ብሎ ዐወቀ። በሜይ 2024 ቍጥራቸው ወደ ዋናው መዝገብ ገባ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዕድሜ ልክ አማካይ አንደኛው ጆሽ ጊብሰን ሆኗል፤ ከሺህ 372። ለብዙ ዘመን አንደኛ የነበረው ታይ ኮብ በ367 ሁለተኛ ሆነ። በአንድ ዓመት አማካይም ጊብሰን በ1943 የመታው 466 በመዝገቡ ራስ ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ደጋፊዎች እንደገና ተከራከሩ፤ ክርክራቸውም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የጥቁሮቹ ሊጎች ኦፊሴላዊ ጨዋታ ከሌላው ግማሽ ብዙም አይበልጥም ነበር። እኔም ከላይ ያሳየኋችሁ ይህንኑ ነው፦ ሙከራው ሲያንስ ዕድል ይበረታል፤ ከፍተኛ አማካይም ለማግኘት ይቀላል። «ሳምንት አይፈርድም» ካልን «አጭር ዓመትም ሙሉ በሙሉ አይፈርድም» ማለት ይገባናል። ይህን መሸሸግ ለጊብሰን ክብር አይጨምርለትም።

ነገር ግን ዓመቱ ለምን አጠረ? ተጫዋቾቹ ያን ዘመን ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። እንጀራቸውን ለማግኘት ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ እየዞሩ እጅግ ብዙ ጨዋታ ተጫውተዋል። ከሊጉ ውጭ በመሆኑ አይቈጠርም። ስታዲየሙ የሌሎች ስለነበር የሚያገኙት ባለቤቱ ቡድን ሌላ ከተማ ሲሄድ ነው። እንግዲህ የቍጥሩ ማነስ የግፉ ውጤት ነው። አንድን ሰው በሩን ዘግቶበት ኋላ «በቤቱ ውስጥ ብዙ አልታየም» ብሎ መፍረድ ፍርድ አይባልም። በሌላ በኩል ያልተጻፈውን ጨዋታ ከምናባችን ልንጽፍለት አንችልም። የቀረን የተጻፈውን ከነጕድለቱ በክብር ማስቀመጥ፣ የጕድለቱንም ምክንያት በአጠገቡ ማስፈር ነው።

ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ ዊልያምስ ራሱ ነበር። በ1966 ወደ ታላላቆቹ የክብር አዳራሽ ሲገባ ባደረገው ንግግር ፔጅና ጊብሰን ዕድል ስላልተሰጣቸው ብቻ የቀሩ መሆናቸውን ተናግሮ አንድ ቀን እንደሚገቡ ተስፋውን ገለጸ። ፔጅ በ1971፣ ጊብሰን በ1972 ገቡ። የራሱ ቍጥር ከፍ ብሎ የተጻፈለት ሰው ስለ ሌላው ያልተጻፈ ቍጥር መመስከሩ ከ406ቱ በላይ የሚያስከብረው ይመስለኛል።

ግሪፊዝ ስታዲየም በ1965 ፈረሰ። በቦታው ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። ከዚያ ጥቂት በእግር ቢሄዱ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ዘጠነኛው ጎዳና ይገኛል። በዚያ አካባቢ ቡና የሚጠጡ፣ ታክሲ የሚያሽከረክሩ፣ በሐኪም ቤቱም የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ያ የታክሲ ነጂ ወዳጄ በየቀኑ የሚያልፍበት መሬት የዲማጂዮ ዱላ የጠፋበትና የጊብሰን ኳስ የበረረበት መሬት ነው።

ለእርሱና ለባልንጀራው ያን ምሽት ያልመለስሁትን አሁን ልመልስ። ባልንጀራው እውነት አለው፤ ሳምንት ሰውን አይመዝንም። ነጂው ግን አልተሳሳተም። ሳምንቱን በሳምንትነቱ የሚያዳምጥና የሚያወራ ሰው ባይኖር ያ ጁላይ እስከ እኛ ባልደረሰ ነበር። ከጥቁሮቹ ሊጎች መዝገብ ዛሬ የተሰበሰበው አብዛኛው የተገኘው የጥቁሮች ጋዜጦች በየሳምንቱ ካተሙት የውጤት ሰንጠረዥ ነው። የዚያን ጊዜ ጸሓፊ የጻፈው ለሚቀጥለው ሳምንት ወሬ ነበር፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለፍርድ ማስረጃ ሆነ።

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን የምማጠነው ይህን ነው። ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ለመመዝገብ ግን አትዘግዩ። ማንኛውም መዝገብ በፊታችሁ ሲቀርብ ድምሩን ከማየታችሁ በፊት እነማን እንዳልተጻፉበት ጠይቁ።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።