የሞተር መጋልና ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት

ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ የሚወጣ የተጫነ መኪና ሞተሩ በብርቱ ይሠራል፤ በዝግታ ስለሚጓዝም ራዲያተሩን የሚያበርደው ነፋስ ያንሳል። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ዳር ይዞ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ይቀድማል። የራዲያተሩ ክዳን በትኩሱ ፈጽሞ አይከፈትም፤ በግፊት የታመቀው ውሃ ፈንቅሎ ወጥቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ይህን ከባድ ጉዳት ለማስቀረት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሞተሩ ሲበርድ ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምራል፦ ውሃው ጎድሏል ወይ፣ ቱቦዎቹ ያፈሳሉ ወይ፣ ፋኑ ይሽከረከራል ወይ። ውሃው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ የሚግል ከሆነ ቴርሞስታቱ አልከፍት ብሎ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሞ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ብቻውን ሞተር ሊያፈላ ይችላል።

የቼክ ኢንጂን መብራት ሳይቋረጥ ሲበራ በአብዛኛው ለማስመርመር ጊዜ ይሰጣል። ብልጭ ድርግም ሲል ግን ቤንዚን በሲሊንደሩ ውስጥ በአግባቡ እየተቃጠለ አይደለም፤ የተረፈው ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ካታሊስቱን አግሎ ያበላሻል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካንዴላ ወይም የቦቢና ነው። የሞተሩ መጋልና የመብራቱ ብልጭታ አብረው መጥተው ነጭ ጭስ ከታየና ውሃው ያለ ፍሳሽ ከጎደለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ይጠረጠራል፤ እንዲህ ያለው መኪና ተጎትቶ እንጂ እየተነዳ ጋራዥ አይገባም።