ልጅሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ንግግር ብዙ አልችልበትም። የማኅበሩን መዝገብ ስለምይዝ ግን የማየው ነገር አለ። ብድር መመለስ የዘገየባትን አባል ደውዬ ስጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው «ልጁን የሚይዝልኝ አጣሁ» የሚል ነው። እንጀራ ለሆቴል ታቀርብ የነበረችው አቆመች፤ የጽዳት ሥራ የነበራት ለቀቀች። እኔ «ዘግይቷል» ብዬ እጽፋለሁ። መዝገባችን ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

እኔም አልፌበታለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሥራ ስመለስ ጡቴ ሲሞላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እያለብኩ እደፋው ነበር። አለቃዬን ቦታ ስጡኝ ማለት አፈርኩ። ያን ጊዜ ካዛንቺስ ነበርንና ልጄን የያዙልኝ የግቢያችን አንዲት እናት ናቸው። ገንዘብ ስሰጣቸው ይቆጡኛል፤ ቡናና ስኳር ይዤ እገባ ነበር። ድካማቸው በማንም መዝገብ አልገባም፣ በእኔም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ጎረቤቱ ተበተነ። ገላን ጉራ የሄደ አለ፤ እኛ እዚህ መስቀል ፍላወር ተከራየን። ቤቱ ሲፈርስ የልጅ ማቆያችንም አብሮ ፈረሰ።

ሁለተኛ ልጄን ለማን ሰጠሁ? ከገጠር ለመጣች የ14 ዓመት ልጅ። ሕፃኑ ሲያለቅስ እሷም አብራ ታለቅስ ነበር። ማታ ትምህርት አስገባሻለሁ ብያት ነበር፤ አላስገባኋትም። ይህን ስናገር የምትስቁብኝ አይመስለኝም፤ ብዙዎቻችን አድርገነዋል።

ሕጉንም አየሁት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደነገገ። ለእኛ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ለአባትም 3 ቀን አለው፤ ገንፎ በልቶ ለመመለስ ትበቃዋለች። ማቆያን ግን በአሠሪው ላይ ግዴታ አላደረገም። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ጉሊት የምትቸረችረው አባላችንስ በየትኛው አዋጅ ትገባለች?

ስለዚህ ሂሳብ ሠርቼ መጣሁ። ስምንት ልጆች የሚይዝ አንድ ክፍል እንክፈት። ሁለት ተንከባካቢዎች ያስፈልጉናል፤ ለእያንዳንዳቸው በወር 8,000 ብር እንበል፣ 16,000 ይሆናል። ለኪራይና ለምግብ 12,000 ብንጨምር 28,000። እኩል ስናካፍለው ለአንድ ልጅ 3,500 ብር ይደርሳል። እኔ እከፍላለሁ። ጉሊት የምትውለዋ አትችልም፤ ማቆያው አብልጦ የሚያስፈልጋት ግን እሷ ናት። ደመወዝ ያለን አራት እናቶች 4,500 ብር ብንከፍል የቀሩት አራቱ 2,500 ይከፍላሉ። ድምሩ ያው 28,000 ነው።

የተንከባካቢዎቹን ደመወዝ ቀንሺ የምትለኝ ትኖራለች። አልቀንስም። እነሱም ልጅ ካላቸው ይዘው ይምጡ፣ ያለ ክፍያ፤ ምግባቸውን አስቤዋለሁ።

ኪራዩ የሚቀርልን ከሆነ ክፍያው ለሁላችንም ይወርዳል። ለዚህ ወረዳችን አንድ ክፍል እንዲፈቅድልን እንጠይቅ። ለየብቻ ሄደን «ተመለሺ» ከምንባል፣ ሂሳቡን ይዘን በአንድነት እንሂድ። አፈ ጉባኤ የሚሆን ሰው አያስፈልገንም፤ ልጇን ለማን ትታ እንደምትወጣ መናገር የማታፍር አንዲት እናት ትበቃለች። ሌላ ከጠፋ እኔ እናገራለሁ።

ማመልከቻውን ጽፌ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ሕፃን የያዛችሁ ወረፋ ሳትጠብቁ ቀድማችሁ ፈርሙ፤ ቡናው እስኪፈላ ሌሎቻችን እንይዝላችኋለን።