የሒሳብ ተማሪና ያልተፈታው ጥያቄ



የምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ግንባታ ሥፍራ ሔዶ ይለማመዳል። የሒሳብ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ መልሱ በመጽሐፉ መጨረሻ የታተመለትን ጥያቄ ብቻ ሲሠራ ኖሮ ይመረቃል። ጥያቄውን ራሱን አንጥሮ ማውጣት ከመፍታቱ ይልቅ እንደሚከብድ የሚያሳየው አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. አለን ቴይለርና ሌስሊ ፎክስ በኦክስፎርድ የጀመሩት የጥናት ስብሰባ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባዋል። የኢንዱስትሪ ሰዎች ያስቸገራቸውን ጉዳይ ይዘው ሰኞ ይቀርባሉ፤ የሒሳብ ሊቃውንትና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሲከራከሩበት ሰንብተው ዓርብ ዕለት የደረሱበትን ያስረዳሉ። መፍትሔው ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ ተማሪው ግን ቀመር ከየት እንደሚወለድ በዓይኑ ያያል። በአሜሪካም፣ በሚኒሶታዋ ዱሉዝ፣ ጆሴፍ ጋሊያን እ.ኤ.አ. ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ለአያሌ ዓመታት በትምህርት ዕረፍት ወራት ገና ዲግሪ ላልያዙ ተማሪዎች ማንም ያልፈታውን ጥያቄ ይሰጥ ነበር።

ይህ ዕድል ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ምናልባት የመሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ መጻጻፍ ከሥራው ይበልጥ ያደክም ይሆናል። በመሐንዲሶች እጅ ያልተፈታ ጥያቄ ሞልቷል፦ በውኃ ማከፋፈያ መስመር ግፊቱ በየሰዓቱ ለምን ይዋዥቃል? የጭነት መኪኖች በኮንክሪት ማደባለቂያው ፊት ለምን ይሰለፋሉ? አንድ ተማሪ ለ2 ወር ጠረጴዛ፣ መዝገብ የማየት ፈቃድና በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያነጋግረው መሐንዲስ ቢያገኝ ይበቃዋል። ከሦስቱ የመጨረሻው ይበልጣል፤ የሚያነጋግረው ያጣ ተለማማጅ ፋይል ሲደረድር ይከርማልና።