ክሎሪን ብቻውን የማይገድለው ተሕዋስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የሆነው ይህን ያስረዳል። የከተማይቱ ውሃ በክሎሪን የታከመ ሲሆን፥ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ከማጣሪያው አልፎ 400,000 ያህል ሰው በተቅማጥ አሳመመ፤ ሰውነታቸው የደከመ ብዙ ሕሙማንም ሞቱ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ተሕዋሱ ጽኑ ቅርፊት አለው። ባክቴሪያዎችን በደቂቃዎች የሚፈጀው ክሎሪን ይህን ቅርፊት በቀላሉ አይበሳውም።

ስለዚህ ሊቃውንት ሁለት መድኃኒቶችን በተራ አሰለፉ፤ በመጀመሪያ ኦዞን፥ ከዚያም ክሎሪን። ሁለቱ ሲከታተሉ የገደሉት ለየብቻቸው ከሚገድሉት ድምር በለጠ። ኦዞኑ ቅርፊቱን አቁስሎ ለክሎሪኑ በር ይከፍትለታል ተብሎ ይታሰባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ነገር ግን ይህ በባለሙያ እጅ በልክ የሚሠራ ነው። በቤታችን መድኃኒት ከመድኃኒት እንዳንደባልቅ አደራ! በረኪና ከአሲድ ጋር ቢገናኝ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል።

እናቶቻችን በውሃው የክሎሪን ጠብታ ጨምረው ለሕፃን ያጠጣሉ። ጠብታው ከብዙ በሽታ ይጠብቃልና አንተወውም፤ ከዚህ ተሕዋስ ግን አያድንም። የሚያድነው እሳት ነው። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፥ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ግን 3 ደቂቃ ይፍላ፤ ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነውና።

ማገዶ ውድ ነው ብንል እንኳ፥ ለሕፃንና ለሕመምተኛ የሚሆነውን እናፍላ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ዛሬ ወደየቤታችን ስንገባ ስለዚህች 3 ደቂቃ እንንገር።