የትእዛዝ መስመርና የፊደላችን ነገር

(የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ ክበባችን ሥራ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ልንናገርበት የመረጥነው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም ለኮምፒዩተር በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ እንዴት ተለይቶ እንደሚነበብ ነው። ነገር ግን በዚሁ ትንሽ ነገር ውስጥ ፊደላችንን የሚመለከት ከባድ ጥያቄ ስላገኘን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መሰለን።

ነገሩ ለወላጆቻችን ግልጽ እንዲሆን ከቡና ቤት እንጀምር። አንድ ሰው ዳንግላ ገበያ ውሎ ሲደክመው ከጓደኞቹ ጋር ቡና ቤት ገብቶ «ቡና፥ ስኳር የሌለው፥ ብዛቱ ሦስት» ብሎ አዘዘ እንበል። ከዚህ ውስጥ «ቡና» የተፈለገው ነገር ስም ነው። «ስኳር የሌለው» የሚለው የአሠራሩን ዐይነት ይነግራል፤ ሌላ ተጨማሪ አያስፈልገውም። «ብዛቱ» የሚለው ግን ብቻውን ትርጉም የለውም፤ «ሦስት» የሚል ዋጋ ሊከተለው ግድ ነው። ቡና አፍሊዋ ይህን ሁሉ ሳትቸገር ለይታ ታውቃለች። ኮምፒዩተር ግን ካላስተማሩት በቀር አንዱንም አይለይም።

ለኮምፒዩተር በትእዛዝ መስመር ሲጻፍለት አስቀድሞ የፕሮግራሙ ስም፥ ቀጥሎም ሰረዝ ያለበት አንድ ፊደል ይመጣል። ይህ ፊደል አማራጭ ይባላል። ከአማራጮች አንዳንዶቹ እንደ «ስኳር የሌለው» ብቻቸውን ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹም እንደ «ብዛቱ» ዋጋ ያስከትላሉ። ዴኒስ ሪቺ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ በሠራው ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሥራውን ሲጀምር ሁለት ነገሮችን ይረከባል። አንደኛው አርግሲ ሲሆን የቃላቱን ቁጥር ይነግራል፤ ሁለተኛው አርግቪ ሲሆን የቃላቱን ዝርዝር ይይዛል። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዱ የፕሮግራሙ የራሱ ስም ይገኛል። ከዚያ በኋላ ካሉት ቃላት አማራጩን፥ ዋጋውንና የፋይሉን ስም መለየት የፕሮግራሙ ፈንታ ነው።

ይህን የመለየት ሥራ ሁሉም በየራሱ መንገድ ቢሠራው ልማዱ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ይለያያል፤ ተጠቃሚውም ይደናገራል። ስለዚህ ጌትኦፕት የሚባል አንድ የጋራ ፈንክሽን ተሠራ። ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 በቴክሳስ በዳላስ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ የፈንክሽኑን ጽሑፍ ማንም በነጻ እንዲሠራበት ለሕዝብ ሰጠ። ጌትኦፕት በራሱ በሲ ቋንቋ ደንብ ውስጥ የተጻፈ አይደለም፤ ፖዚክስ በሚባለው ደንብ የታዘዘ ሆኖ ከሲ ላይብረሪዎች ጋር ይገኛል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚቀበላቸውን ፊደላት በአንድ መስመር ዘርዝሮ ይሰጠዋል፤ ዋጋ በሚያስፈልገው ፊደል አጠገብም ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ጌትኦፕት በተጠራ ቍጥር አንድ አማራጭ አንብቦ ያንኑ ፊደል ይመልሳል። ዋጋ ካለው ኦፕትአርግ በሚባለው ቦታ ያስቀምጥለታል። የማያውቀው ፊደል ቢመጣበት የጥያቄ ምልክት ይመልሳል። አማራጮቹ ሲያልቁ ከዜሮ አንድ የሚያንስ ቁጥር ይመልሳል፤ የቀሩት ቃላት ከየት እንደሚጀምሩም ኦፕቲንድ በሚባለው ቦታ ይገኛል። ደግሞም ዋጋ የማይሹ ሦስት ፊደላት በአንድ ሰረዝ ተያይዘው ቢጻፉ እንደ ሦስት አማራጮች ይቆጥራቸዋል። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ልብ እንድትሉት እንለምናለን፤ ችግራችን የመጣው ከዚሁ ነውና።

እኛ ለዚህ የበዓል መጽሔት የመጡትን የተማሪዎች ጽሑፎች የሚደረድር አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። ተጠቃሚዎቹ እኛው ስለ ሆንን አማራጮቹን በራሳችን ፊደል ልናደርጋቸው ወደድን፤ «ክ» ለክፍል፥ «ስ» ለስም። «ሰረዝ ክ» ብለን 10 ቁጥርን አስከትለን ብንጽፍ፥ አንድ ጊዜ መመለስ የሚገባው ጌትኦፕት ሦስት ጊዜ ተመለሰ። «ሰረዝ ስ» ብንልም እንዲሁ ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያውም መልሱ ለክም ለስም ያው አንድ ቁጥር ነበር። ጥፋቱ የእኛ የጽሑፍ ስሕተት መስሎን ብዙ ቀን ደከምን።

በመጨረሻ ምክንያቱን አገኘነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ጽሑፍ የሚቀመጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ብቻ ይበቃዋል። የግዕዝ ፊደል ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት በሚመዘግበው በዩኒኮድ በ3ኛው እትም ሲገባ፥ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ባበጁት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት የሚይዝ ሆነ። «ክ» 225፥ 138፥ 173 ነው፤ «ስ» 225፥ 136፥ 181 ነው። ከሀ እስከ ፐ ያለው ገበታችን ሁሉ በ225 ይጀምራል። የተለመደው ጌትኦፕት ባይት በባይት ስለሚያነብ፥ አንዱን ክ ተያይዘው የተጻፉ ሦስት አማራጮች አድርጎ ቆጠረው። የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ስለ ሆነም ክን ከስ ሊለይ አልቻለም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው በግኑ ማኅበር የተስፋፋው ጌትኦፕት ሎንግ የሚባለው ነው። በዚህ አማራጩ በሁለት ሰረዝ የሚጀምር ሙሉ ቃል ይሆናል። ፈንክሽኑ ቃሉን ከነባይቱ እንዳለ ስለሚያስተያይ «ክፍል» እና «ስም» ያለ ችግር ተለዩ፤ ፕሮግራማችንም በዚሁ ሠራ። ሁለተኛው ሪች ፌልከር ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ባወጣው መስል በሚባለው የሲ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛል። የዚህ ላይብረሪ ጌትኦፕት፥ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ሴትሎኬል በሚባለው ፈንክሽን የዩቲኤፍ 8ን ሁኔታ ካስታወቀ፥ ፊደሉን ሳይሰነጥቅ አንብቦ ክን 4781፥ ስን 4661 ብሎ በዩኒኮድ ቁጥሩ ይመልሰዋል። እንግዲህ ነገሩ የማይቻል አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የፖዚክስ ደንብ የአጭር አማራጭ ስም በየማሽኑ ከሚገኙት ፊደላትና አኃዞች አንዱ ብቻ እንዲሆን ስለሚመክር፥ ፕሮግራሙ በየትም እንዲሠራ የሚፈልግ ሰው ሙሉ ቃልን ቢመርጥ ይሻላል።

ወላጆቻችን ሆይ! ይህ ነገር ከፕሮግራም ጸሐፊዎች በቀር ማንን ይነካል ትሉ ይሆናል። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአውጚ ይማራሉ፤ የሚጽፉትም በዚሁ ፊደል ነው። የቋንቋው ስም የሚጻፍበት «ጚ» ራሱ 225፥ 140፥ 154 ነው። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ይህን ፊደል በደብዳቤና በመጽሐፍ ውስጥ ተቀብሎ ያሳያል፤ ከትእዛዝ በር ላይ ሲደርስ ግን ለሦስት ይሰነጥቀዋል። ፊደላችን የሚቀመጥ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ የሚያዝዝ ቃል ካልሆነ፥ ልጁ ማሽኑን ከማዘዙ በፊት የሌላ አገር ፊደል እስኪያውቅ ድረስ ከደጅ ይቆማል።

ጌትኦፕትን የሠሩትን ሰዎች ልንወቅስ አንሻም፤ በእነርሱ ዘመንና በእነርሱ ጽሑፍ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነበረና። የሚያስወቅሰው ምክንያቱን አውቀን ዝም ብንል ነው። የጠቀስናቸው ላይብረሪዎች ጽሑፋቸው ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ ማንም ተማሪ አንብቦ ሊማርበት፥ ማሻሻያም ሊያቀርብበት ይችላል። ስለዚህ ጓደኞቻችንን ሁለት ነገር እንለምናለን። ፕሮግራም ስትጽፉ ለአማራጮቻችሁ በአማርኛና በአውጚ ሙሉ ቃላትን ስጡ፤ ማናቸውንም ፕሮግራም ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ደግሞ በገዛ ፊደላችሁ ፈትኑት።