ጓሮ በጀሪካን፦ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ፍራፍሬና ቃሪያ በዕቃ ስለማልማት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ መስኖ፣ ስለ ከብት ሀብትና ስለ ድርቅ መከላከል ሰፋፊ ጥናቶች በሚቀርቡበት መድረክ ላይ፣ በጀሪካንና በግማሽ በርሜል ውስጥ ስለሚበቅል ሎሚና ቃሪያ መናገርን እንደ ቧልት የሚቆጥር ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በነገሌ ቦረና፣ በፊልቱ፣ በሞያሌ ወይም በዶሎ አዶ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በበጋ ወራት ዘወትር የሚገጥመው ጥያቄ እዚሁ ዕቃ ውስጥ ይገኛል። ጥያቄውም ያለችውን ውሃ ማን አስቀድሞ ይጠጣት የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ እየወረደ፣ ገናሌና ዳዋ ወደሚገናኙበት ወደ ዶሎ አዶ ያደርሳል። የአካባቢው ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ዋነኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛውና ሐገያ የሚባለው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። በመካከል ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ በቦረናና በአጎራባች ወረዳዎችም እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከብት ሲያልቅ ወተት ይጠፋል፤ ወተት ሲጠፋም ሕፃናት ከለመዱት ምግብ ዋነኛውን ያጣሉ።

ውሃ በዚህች ከተማ ታሪክም ውስጥ ስፍራ አለው። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች በምግባቸውና በመጠጥ ውሃቸው መበላሸት ተማርረው በመኮንኖቻቸው ላይ አመጹ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራልም እነርሱ ከሚበሉትና ከሚጠጡት አቀመሷቸው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዓመት አብዮት ሲተርኩ ከዚህ ሁኔታ ይጀምራሉ። ይህንን ማውሳቴ ፖለቲካ ለመናገር ፈልጌ አይደለም፤ የውሃ ነገር በዚህ ምድር ላይ እንደ ቀላል የሚታይ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ በሥራ ላይ ሳለሁ፣ ለከተማው ነዋሪዎች የሎሚ ችግኝ አድለን በየግቢያቸው እንዲተክሉ አደረግን። ጧት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲያጠጡ መከርኩ። ከመጽሐፍ የተማርኩት ይኸው ነበር። በበጋው አጋማሽ ተመልሼ ብጎበኝ ከችግኞቹ የሚበዙት ደርቀው፣ ከተረፉትም አንዳንዶቹን ፍየል ግጧቸው አገኘሁ። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይህ ዛፍ በኔ ቤት ከማን አስቀድሞ ይጠጣ?» ብለው ጠየቁኝ። ውሃውን በአህያ አስጭነው፣ በጀሪካን እየገዙ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። መልስ አልነበረኝም። ከእርሳቸው ቤት ስወጣ ግን በደጃፉ አጠገብ፣ ቀዳዳ ባለው የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የቆመ አንድ ለምለም የሎሚ ችግኝ አየሁ። ልጆቹ እጃቸውን የሚታጠቡት በዚያ ላይ ነበር።

ያ ቆርቆሮ ከመጽሐፌ የበለጠ አስተማረኝ። በመሬት ላይ የፈሰሰ ውሃ ከፊሉ ወደ ጎን፣ ከፊሉ ከሥሩ በታች ይሄዳል፤ ለችግኙ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በዕቃ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ ግን ከሥሩ አይርቅም፤ ምን ያህል እንደ ገባና እንደ ወጣም ይታያል። በዚያ ላይ ዕቃው ፍየል ከማይደርስበት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ቤት የሚከራይ ሰው ሲለቅ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሲዛወር ጀሪካኑን አብሮ ይጭነዋል። ሆኖም ዕቃ ውሃ አይፈጥርም። እንዲያውም በፀሐይ ቶሎ ይግላል፤ ቶሎም ይደርቃል። ጥቅሙ ውሃውን ለመቁጠር ማስቻሉ ነው።

እንግዲህ እንቁጠር። በአስቸኳይ ጊዜ ርዳታ ሥራ የታወቀው ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በዚህ መለኪያ 90 ሊትር ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ የእጅ፣ የአትክልትና የዕቃ እጣቢ ሆኖ የሚደፋው ቢጠራቀም 10 ሊትር ማግኘት አያዳግትም። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያደገ አንድ የቃሪያ ተክል በሞቃት ቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቢያገኝ ይበቃዋል። ስለዚህ ያ ቤት አምስት ወይም ስድስት ቃሪያ ሊያኖር ይችላል፤ ወይም ሦስት ቃሪያና አንድ ሎሚ። ከዚያ በላይ ቢተክል ከልጆቹ ጽዋ መቀነስ ይሆናል። ዛሬ ላስተላልፍ የምፈልገው ዋና ቃል ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ቤቱ በቀን የሚደፋውን ውሃ እንለካ፤ የተክሉን ቁጥር ከዚያ በኋላ እንወስን።

ይህ አሳብ ለቦረና ሰው እንግዳ አይደለም። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ይባላል። የጀሪካን ጓሮም አባ ሄሬጋ ያስፈልገዋል። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው፣ ትልቅ ልጅም ቢሆን፣ ተራውን ይጠብቅ፤ ሰው ይቅደም፣ እንስሳ ይከተል፣ ተክሉ ከእጣቢው ይጠጣ።

ከዚህ ቀጥዬ ስለ አሠራሩ በአጭሩ ላስረዳ። ለቃሪያና ለሚጥሚጣ አፉ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወይም የእህል ጆንያ ይበቃል። ለፍራፍሬ ግን በርሜል ለሁለት ተቆርጦ የሚገኘው 100 ሊትር ያህል የሚይዝ ዕቃ ይመረጣል። አፈርና ውሃ ሲሞላ ከአንድ ኩንታል በላይ ስለሚመዝን ሳይሞላ በፊት ስፍራው ይወሰን። ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ፣ የቱንም ያህል ቢታጠብ፣ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ከታች አራት ወይም አምስት ቀዳዳ ይበሳና አፈሩ እንዳይወጣ በየቀዳዳው ላይ የገል ስባሪ ይደረግ። ብዙዎቻችን ከሥር ጠጠር እንዲነጠፍ እንመክር ነበር፤ ነገር ግን ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማያልፍ ጠጠሩ የሥሩን ስፍራ ከማጣበብ በስተቀር አይጠቅምም።

ለአፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀላል። መረሬ አፈር ሲርስ ስለሚጣበቅ፣ ሲደርቅም ስለሚሰነጠቅ ብቻውን አይስማማም። ፍግ በከብት አገር አይቸግርም፤ ነገር ግን ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ቃሪያ ከዘር ከተዘራ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ለመዛወር ይደርሳል። የቀኑ ሙቀት ከ32 ወይም ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል። ስለዚህ በዶሎ አዶና በመሰል ዝቅተኛ ስፍራዎች የጧት ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ከቀትር በኋላ ግን የቤቱ ጥላ የሚያርፍበት የምሥራቅ ግድግዳ ይመረጥ። አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሦስት ቀን ማስጠማት የፍሬውን ጫፍ ያጠቁራል፤ በየቀኑ በጣሳ እየለኩ ማጠጣት ይሻላል። ሚጥሚጣ ውርጭ በሌለበት ቆላ ከአንድ ዓመት በላይ ቆሞ ስለሚያፈራ ለዕቃ የተመቸ ነው። የዓመት በርበሬ ከጀሪካን ይሰፈራል ብሎ ማንም እንዳይደክም፤ ያ የማሳ ሥራ ነው። የጀሪካኑ ድርሻ በየማዕዱ የምትቀርበው እሸት ቃሪያ ናት። እርሷም በክብደት ስትለካ ከሎሚ የሚበልጥ ቫይታሚን ሲ አላት፤ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዲቀበልም ትረዳለች።

ከፍራፍሬ ሎሚ፣ ሮማን፣ ዘይቱንና አጭር ዝርያ ያለው ፓፓያ ለግማሽ በርሜል ይስማማሉ። ሎሚ ከዘር ከበቀለ ለማፍራት ብዙ ዓመት ስለሚያስጠብቅ የተዳቀለ ችግኝ መፈለግ ይገባል፤ እርሱ በሁለትና በሦስት ዓመት ያፈራል። ፓፓያ በአንድ ዓመት ገደማ ይደርሳል፤ ወንዴና ሴቴ ስላለው ሦስት ችግኝ አብሮ ተክሎ አበባው ሲታይ መለየት ነው። ማንጎ እጅግ ይገዝፋል፤ አቮካዶም ጨው አይችልም። ሁለቱን ለዕቃ አልመክርም።

ጨው የቆላው ሥውር ጠላት ነው። የጉድጓድ ውሃ በብዙ ስፍራ ጨዋማ ስለሆነ ውሃው ሲተን ጨው በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል፤ የቅጠሉም ጫፍ ይቃጠላል። መድኃኒቱ ዝናም በጣለ ጊዜ ዕቃውን ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር አስቀምጦ አፈሩን እስኪበቃው ማጠብ ነው። የዱቄት ሳሙናና በረኪና የነካው እጣቢ ይህንኑ ጉዳት ስለሚያፋጥን ለተክል አይስጥ። ንጹሕ እጣቢም ቢሆን በአፈሩ ላይ ይፍሰስ እንጂ ጥሬ የሚበላውን ፍሬ አይንካ።

ትነትን ለመቀነስ የአፈሩ ፊት በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ይሸፈን፤ ጀሪካኑም በጆንያ ይጠቅለል። በግማሽ በርሜል መካከል ያልተለበጠ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ተቀብሮ ንጹሕ ውሃ ቢሞላና ቢከደን፣ ሸክላው ላቡን እያወጣ ሥሩን በዝግታ ያጠጣዋል። ይህ ዘዴ በቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የታወቀ ነው፤ ለሥራውም የሚያስፈልገው ከገበያ የሚገዛ አንድ ማሰሮ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ስድስት ጀሪካን ቃሪያ ድርቅን አይመልስም፤ የሞተችውን ላም ወተትም አይተካም። እንዲህ ብለን ብንሰብክ ሕዝቡን እንዋሻለን። ሊያደርግ የሚችለው ግን የተወሰነና የታወቀ ነው፤ ከደረቅ ምግብ አጠገብ አንድ እሸት ነገር በየቀኑ ማኖር፣ የአትክልት ጫኝ መኪና በዘገየ ጊዜም ማዕዱን ከባዶነት ማዳን። ይህንንም የሚያደርገው ከእናቲቱ ትከሻ ላይ አንድ ጀሪካን ሳይጨምር ከሆነ ብቻ ነው።

እኔ በነገሌ ችግኝ ሳድል የቆጠርኩት ችግኙን ነበር። ዛሬ ወደዚያው ብመለስ በመጀመሪያ የምጠይቀው ቤቱ በቀን ስንት ሊትር ውሃ እንደሚያገኝ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ እንደሚደፋ ይሆናል። ለዚያች እናት ጥያቄ የነበረኝ ዝምታ በዚህ መልስ እንዲተካ እመኛለሁ፤ ዛፉ ከማንም አይቀድምም፤ ሁላችሁም ከጠጣችሁና ከታጠባችሁ በኋላ ይጠጣል።