ርካሹ ሞርሳ በቡርጅ ሐሙድ

ለቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች የቀረበ ዲስኩር



ቤይሩት ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመው ትዝ የሚሉን በሰው ቤት የሚደክሙ እኅቶቻችን ናቸው፤ ተገቢም ነው። እኔም እዚያ የደረስኩት ቀድማኝ በሄደች እኅቴ በኩል ነበር። እንጀራዬ የወጣው ግን ከቤይሩት ወንዝ ማዶ፣ ቡርጅ ሐሙድ በሚባለው ሠፈር፣ ከቶርኖና ከፍሬዛ ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬው ነገሬ ስለ አንድ ሞርሳ ይሆናል።

ቡርጅ ሐሙድን የቆረቆሩት ከአርመኖች እልቂት ተርፈው ከኪልቅያ ተሰደው የመጡ አርመኖች ናቸው። ጥለዋቸው የመጡትን ከተሞች ስም ይዘው ኖር ማራሽ፣ ኖር ሲስ፣ ኖር አዳና እያሉ ሠፈር መሠረቱ፤ «ኖር» ማለት አዲስ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆችም የዚያው እልቂት ወላጅ አልባዎች ነበሩ። አሠሪዬ የነበሩት ሽማግሌ (በእነሱ አጠራር «ቫርቤድ»፣ የሙያ ባለቤት ማለት ነው) ሐበሻ መሆኔን እንደሰሙ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ እነዚያ ልጆች ነው። ስለ ደመወዝ የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሞርሳው ልምጣ። እ.ኤ.አ. ከ1997 አንሥቶ እስከ 2019 መገባደጃ አንድ ዶላር በ1,507 የሊባኖስ ሊራ ግድም ይመነዘር ነበር። ከዚያ ባንኮች የሰውን ዶላር ቆለፉበት፤ ሊራውም ሲወርድ ሲወርድ በ2023 አንዱ ዶላር 90,000 አካባቢ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ ለማስመጣት የሞከራችሁ ነገሩ ይገባችኋል። በዚያ መሀል የቫርቤድ ነባር አሜሪካ ሠራሽ ሞርሳ ቪቴው ተበልቶ አለቀ። የዚያን ዓይነት አዲስ መግዛት የማይታሰብ ሆነ። ዶራ አደባባይ አጠገብ ካለ ሱቅ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የመንጋጋው ስፋት 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞርሳ ገዝተን በጋሪ አመጣን።

ቅርጹ የጥሩዎቹ ቅጂ ነው። የጥሩ ፍሬዛ ሞርሳ ብልሃት ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ውስጥ ባለች ግማሽ ድቡልቡል ብረት ላይ ነው፤ ቪቴው ሲጠብቅ በሰያፍ ትገፋለች፣ መንጋጋውም ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ታችም ይጫናል። እንዲህ ካልሆነ ሥራው ሲታሰር ከወለሉ ብድግ ይላል፤ ያ ደግሞ ከስር ያልተያዘ ሥራ ነው። ርካሹም ድቡልቡሊቱ አለችው። ትሠራለች ወይ የሚለው ነው ጥያቄው።

መለካት የጀመርነው መብራት በጠፋበት ሰዓት ነበር። የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ነው የሚመጣው፤ የቀረውን በወር ክፍያ ከሠፈር ጄኔሬተር ትገዛላችሁ፣ «ኢሽቲራክ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጋ ናፍጣ ሲጠፋ እሱም ይቋረጥ ነበር። ዳያል ጌጅ ግን መብራት አይፈልግም፤ የፍሬዛውም ጠረጴዛ በእጅ ይዞራል። ዳያሉን ጭንቅላቱ ላይ አሥሬ ጫፉን በሞርሳው ወለል ላይ አስኬድሁት። ከዳር እስከ ዳር ስድስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት አሳየ። እኔ ወዲያው ወለሉን እንላጨው አልሁ። ቫርቤድ መልስ አልሰጡኝም። ሞርሳውን እንድንገለብጠው አዘዙና አውራ ጣታቸውን በሆዱ ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ፤ ማሰሪያው ብሎን የሚገባበት ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሲላጭ የቀረ፣ ዓይን የማያየው የብረት ሹል ነበር። በመሳያ ድንጋይ ጥቂት አሹት፣ ጠረጴዛውንም ጠረጉ፣ መልሰን አሰርነው። ስድስቱ መቶኛ አንድ መቶኛ ሆነ። ወለሉን ላጭቼው ቢሆን ኖሮ ደኅናውን ለጠማማው አስተካክዬ ዕድሜ ልኩን አጣምመው ነበር። ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ስነግር እስካሁን ፊቴ ይቀላል።

ቋሚው መንጋጋ ግን እውነተኛ ጉድለት ነበረበት። የዳያሉን ጫፍ አስደግፈን ጠረጴዛውን ስናወጣው በ40 ሚሊ ሜትር ቁመት አራት መቶኛ ወደ ኋላ ያጋድላል። ይህን ችላ ማለት አይቻልም፤ ሥራው የሚደገፈው በዚህ ላይ ነውና ያጋደለውን ሁሉ ይወርሳል። የተንቀሳቃሹ መንጋጋ ውጫዊ ሸካራነት ግን ምንም አይደለም፤ እሱን ሲያሳምር የሚውል ሰው ጊዜውን ያቃጥላል። ለዕለቱ ሥራ ቫርቤድ ከኪሳቸው የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት አውጥተው እጥፍ አድርገው ከመንጋጋው ሳህን ጀርባ፣ ከላይኛው ጠርዝ በኩል አስገቡ። አንዱ ወረቀት ሁለት መቶኛ ከግማሽ ገደማ ነው። መብራት በመጣ ማግሥት ደግሞ ሳህኑን ፈትተን መቀመጫውን በራሱ በፍሬዛው፣ በኤንድ ሚል ጎን፣ እጅግ ስስ አድርገን ላጨነው። ከዚያ በፊት ግን ጭንቅላቱ ለጠረጴዛው ቀጥ ማለቱን አረጋግጠናል፤ ካልሆነ የማሽኑን ጥመት ለሞርሳው ማውረስ ነው።

ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ሲጠብቅ 12 መቶኛ ይነሣ ነበር። ፈትተን በነጭ ጋዝ ስናጥበው ከድቡልቡሊቱ ጎጆ የቅርጽ አሸዋ ከደረቀ ቀለም ጋር እንደ ጭቃ ወጣ። ድቡልቡሊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስናት፣ ከኋላ ያለችውን ማስተካከያ ቪቴ መንጋጋው ሳይወዛወዝ እስኪንሸራተት ጠበቅ አደረግናት፣ ግራሶም ቀባን። ወደ ሦስት መቶኛ ወረደ። ከዚያ በታች አላገኘንም፤ አልፈለግንም።

ያልዳነም አለ። ብረቱ ተራ ካስት አይረን ስለሆነ እጀታውን በቱቦ አስረዝሞ ለሚያጠብቅ ሰው አይሆንም፤ ሲጠብቅ ቋሚው መንጋጋ ራሱ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሰግዳል። ለጎማ ሻጋታና ለማሸጊያ ማሽን መለዋወጫ በቂ ነው። ለትክክለኛ ጌጅ ሥራ ቢሉኝ እምቢ እላለሁ። በእኛ አገር የዕቃ ግዥ ኮሚቴዎች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ርካሹን ገዝተው ለወርክሾፑ ሲያስረክቡ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ዕቃው ግን ገና ያላለቀ ነው፤ ዋጋው የወረደውም ፋብሪካው የመጨረሻዎቹን ቀናት ሥራ ለገዢው ስለተወለት ነው። ያንን ሥራ ለሦስተኛ ዓመት ሠልጣኝ ብትሰጡት ግን ከመማሪያ ሞዴሎቻችን ሁሉ የተሻለ ትምህርት ይሆናል።

ሞርሳውን ተሸክሜ መምጣት አልቻልሁም፤ ቡርጅ ሐሙድ ጠረጴዛው ላይ ታስሮ አለ። ይዤ የመጣሁት የዚያን ሳምንት የልኬት ወረቀት ነው፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ ዘይት የነካው። በግራ ከማስተካከሉ በፊት፣ በቀኝ ከማስተካከሉ በኋላ የተለካው አለ። ከኅዳጉ ላይ የተጣበቀችው ነጭ ወረቀት ያቺው የቫርቤድ የሲጋራ ወረቀት ናት። እጅ ለእጅ ስትቀባበሉት እሷን እንዳታስለቅቋት።